ያገለገለ የምግብ ዘይት ሰብስቦ ለባዮዲዝል ማዋል፦ አዲስ አበባ ላይ ያዋጣል?

ብሩክ ዘሳሪስ፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች።

ሥራዬ ምግብ ማድረስ ነው። ትዕዛዝ እስኪወጣ ስጠብቅ ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ሳር ቤት ያልቆምኩበት የሬስቶራንት ጓሮ የለም ማለት ይቻላል። በየጓሮው ድንችና ዶሮ የተጠበሰበት የጠቆረ ዘይት በቢጫ ጀሪካን ተሞልቶ አያለሁ። አንዳንዱ ቤት ማታ ማታ ትቦ ውስጥ ይደፋዋል። አንዳንዱ ጋ ሰው እየመጣ ይወስደዋል። ለምን እንደሚወስዱት ስጠይቅ አንዱ አስተናጋጅ «ለሳሙና ነው» አለኝ፤ ሌላው ሳቀና ዝም አለ።

ከዚያ ዩቲዩብ ገባሁ። ውጭ አገር ይኸው ዘይት ተሰብስቦ ባዮዲዝል ይሆናል፣ መኪና ይነዳበታል። የእኛ ናፍጣ ደግሞ ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ድጎማው ቀስ በቀስ እየተነሳ ዋጋው የት እንደደረሰ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እና አሰብኩ፦ ጓሮ የሚደፋው ነገር ማደያ ከሚሸጠው ጋር ዘመድ ከሆነ፣ መሃል ገብቶ የሚያገናኝ ሰው እንዴት ጠፋ?

ያለኝን ልንገራችሁ። የአጎቴ አሮጌ ፒክአፕ ቆማለች፤ ወረቀቷ ሙሉ ነው፣ የሞተባት ባትሪው ነው። ዕቁብ ሊደርሰኝ ነው። ቃሊቲ ግቢ የሚያከራየኝ ሰው አግኝቻለሁ። ሐሳቤ ዘይቱን ከምግብ ቤቶች በሊትር እየከፈልኩ ሰብስቤ፣ እዚያው ግቢ በበርሜል ባዮዲዝል ሠርቼ፣ ለኮንስትራክሽን ጄኔሬተርና ለአይሱዙ ባለቤቶች መሸጥ ነው። ካዛንቺስ ጥሩ ጥሩ ደንበኞች ይሆኑኛል ብዬ የቆጠርኳቸው ቤቶች በኮሪደር ልማቱ ፈርሰው ተበትነዋል፤ ግን ሌላ ሰፈር ሞልቷል።

ሥራውን የሚያውቅ ካለ፣ ከየት ልጀምር? ማሽን ይቀድማል ወይስ ፈቃድ? ቤቶቹስ ዘይቱን በስንት ይሰጡኛል? «አይሆንም» የምትሉ ካላችሁ ምክንያቱን ጻፉልኝ። «በርታ፣ ተስፋ አትቁረጥ» ብቻ የሚል አስተያየት ግን ይቅርብኝ።

ሼፍ ሚሚ፦

ወንድሜ ብሩክ፣ ስለ ነዳጁ የማውቀው ነገር የለም። ስለ ጀሪካኑ ግን ልንገርህ፤ ወጥ ቤት ውስጥ ነው ያረጀሁት።

ያ ጀሪካን ባለቤት አለው። ብዙ ቤት የተጠበሰበት ዘይት የዕቃ አጣቢዎችና የረዳቶች ጥቅም ነው፤ ባለቤቱ አይቶ እንዳላየ የሚያልፈው። ደመወዛቸው ምን እንደምታክል ታውቃለህ። ዘይቷ ተሸጣ የታክሲ ትሆናለች። አንተ ሥራ አስኪያጁ ጋ ገብተህ ውል ብትፈራረም በማግስቱ ጀሪካኑን ስትከፍት ግማሹ የዕቃ ማጠቢያ ውኃ ነው። መጀመሪያ የምታናግረው ስቲዋርዱን፣ ዕቃ ማጠቢያውን የሚይዘውን ሰው ነው፤ ወረቀቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ማን ይገዛዋል ላልከው፣ የሳቀው ልጅ ነግሮሃል። ብዙው የሚሄደው መንገድ ዳር ፓስቲና ሳምቡሳ ለሚጠብሱት ነው። ዘይት ጣራ ሲነካ ምን ያድርጉ፤ ልጅ ያሳድጉበታል። ቢሆንም ጠቁሮ አረፋ የሚያወጣ ዘይት ለሰው እንደማይሆን እነሱም እኔም እናውቃለን። አውሮፓ ውስጥ ዘይት ሲበላሽ የሚፈጠረውን ነገር በመሣሪያ ለክተው ከ24 እስከ 27 በመቶ ሲደርስ ደፍተው ይጨርሳሉ፤ እኛ ጋ የሚለካው በዓይንና በአፍንጫ ነው። አሁን የምሠራበት ሆቴል ተመልሶ ሰው አፍ እንዳይገባ ብሎ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሮበት ነው የሚያስወጣው።

ዋጋ አልጽፍልህም፤ ዛሬ የጻፍኩት ሳምንት ውሸት ይሆናል። የአዲሱ ዘይት ዋጋ ሲወጣ የአሮጌውም ይከተለዋል፤ በዚህ አስላው። ደግሞ ከገዛነው ሁሉ ተመልሶ የሚወጣ አይምሰልህ። ድንቹ ይጠጣል፣ ዶሮው ይጠጣል፣ ቁጥብ ሼፍ ደግሞ እያጣራ ይደጋግመዋል። በጾም ሥጋው ሲቆም ሳምቡሳና ድንች ይበዛል፣ ዓሣ የሚያወጡ ቤቶችም ዓሣ በዓሣ ይሆናሉ (ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አናንሳ)። ዓሣ የተጠበሰበትን ለብቻው ያዝ። ሽታው የቀረውን ሁሉ ይወርሰዋል።

የኦክላንዱ ሹፌር፦

ብሩክ፣ ልጄ ልበልህ፤ በዕድሜ ሳልበልጥህ አልቀርም። ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ነው የምኖረው። ያገለገለ ዘይት የሚሰበስብ መኪና ስነዳ ኖሬ ጀርባዬ እምቢ ሲል ነው ያቆምኩት። እህታችን ሚሚ የጻፈችውን ሁለቴ አንብብ፤ ከእኔ የሚበልጠው እሱ ነው።

ሥራው ይኼን ይመስላል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ትነሳለህ። የቻይና ምግብ ቤት፣ የዶሮ ክንፍ ቤት፣ የዶናት ቤት ጓሮ ትገባለህ፤ የብረት ሳጥን አለ፣ ቁልፉን ከፍተህ ቱቦ ትሰድና በፓምፕ ትስበዋለህ። የእኛ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ለዚህ ሥራ አይረቡም። ከሳምቡሳ በቀር ምን እንጠብሳለን? ወጥ ውስጥ የገባ ዘይት ተመልሶ አይወጣም። አንተም ክትፎ ቤት ደጃፍ ጊዜህን አታጥፋ፤ የችፕስና የፍራይድ ቺክን ቤት ፈልግ።

ሳጥኑ ውስጥ ዘይት ብቻ ቢኖር ጥሩ ነበር። ክዳኑ ሳይዘጋ ያደረ ከሆነ የዝናብ ውኃ አለ። ጓንት አለ፣ የፕላስቲክ ማንኪያ አለ፣ ወለል የጠረጉበትን በረኪና የደፉበት ጊዜ አለ። ሁሉንም ይዘህ ትሄዳለህ፤ የሚከፈልህ ግን በንጹሑ ነው። ግቢ ስንደርስ ታንከር ውስጥ 60 እና 65 ዲግሪ ድረስ ይሞቅና እንዲተኛ ይተዋል። ውኃውና ዝቃጩ ወደ ታች ይወርዳል፣ የላዩ ይቀዳል። ገዢ ሲመጣ የሚጠይቀው ምን ያህል ነጻ አሲድ (ዘይቱ ሲበላሽ የሚያፈራው) አለው፣ ምን ያህል ውኃ አለው፣ ምን ያህል ቆሻሻ አለው ብሎ ነው። እዚህ ቢጫ ቅባት የሚባለው ደረጃ አሲዱ ከ15 በመቶ፣ ውኃና ቆሻሻው ተደምሮ ከ2 በመቶ እንዳያልፍ ይፈለጋል። ባዮዲዝል የሚሠራ ሰው ከዚያም የጠራ ነው የሚፈልገው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በዚያ ሁሉ ዓመት አንዲት ጠብታ ባዮዲዝል ሠርቼ አላውቅም፤ ድርጅቱም አይሠራም ነበር። ሰበሰብን፣ አጠራን፣ ሸጥን። ነዳጁን የሚሠራው ሌላ ነው። ከእኔ ቤት ብዙ ሳይርቅ ሮዲዮና ማርቲኔዝ በሚባሉ ከተሞች ድፍድፍ ያጣሩ የነበሩ ትልልቅ ማጣሪያዎች ዛሬ ወደ ዘይትና ቅባት ዞረዋል። የሚያወጡት እንዲያውም አንተ ዩቲዩብ ላይ ያየኸው ባዮዲዝል አይደለም፤ በሃይድሮጅን የሚሠራ፣ ከተራ ናፍጣ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ነገር ነው። ያንን ቃሊቲ ግቢ ውስጥ በበርሜል አትሠራውም።

እዚህ የሚያዋጣበት ምክንያት ደግሞ ሌላ ነው። ስቴቱ አነስተኛ ካርበን ላለው ነዳጅ ክሬዲት ይሰጣል፤ ብድር አይደለም፣ በገንዘብ የሚሸጥ ወረቀት ነው፤ ያገለገለ ዘይት በዚያ ሒሳብ ከአኩሪ አተር ዘይት ይበልጣል፤ የፌዴራሉም መንግሥት የራሱን ይጨምራል። ገንዘቡ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ዋጋው ሰማይ ሲነካ ሌቦች ቁልፍ እየቆረጡ ቀድመውን ሳጥኑን አራግፈው ይሄዱ ነበር። ዋጋው ሲወድቅ ደግሞ ለምግብ ቤቶቹ እንከፍል የነበረውን አቆምን፤ ባለቤቶቹ ተቀየሙን፣ አንዳንዱ ሳጥኑን አውጥቶ ጣለው። አንተ አገር እንዲህ ያለ ክሬዲት የለም። የምትወዳደረው ከናፍጣ ዋጋና ከፓስቲ መጥበሻ ጋር በቀጥታ ነው።

ሳን ፍራንሲስኮ ግን አንድ የምትማርበት ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 የከተማው የውኃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤት ራሱ ከምግብ ቤቶች ዘይት በነጻ መሰብሰብ ጀመረ። ለከተማው መኪናዎች ባዮዲዝል ይፈልጉ ነበር፤ ትልቁ ራስ ምታት ግን ዘይቱ ትቦ ውስጥ እየረጋ ፍሳሽ መዝጋቱ ነበር። አንተም በዚያ በር ግባ። «ዘይት ሽጡልኝ» ብለህ ስትገባ ነጋዴ ነህ፣ ዋጋ ይከመርብሃል። «ትቦአችሁ እንዳይዘጋ እኔ አነሳላችኋለሁ፣ በየወሩ ይኼን ያህል ኪሎ ወሰድኩ የሚል ማኅተም ያለው ደረሰኝ እሰጣችኋለሁ» ስትል ደግሞ የሚያዳምጥህ ሌላ ሰው ነው። ዓለም አቀፍ ስም ያላቸው ሆቴሎች፣ የችፕስ ፋብሪካ፣ የኤምባሲ ክበብ፣ የዩኒቨርሲቲ ምግብ ቤት፣ እነዚህ ዘይታቸው ፓስቲ መጥበሻ ላይ ተገኘ መባልን አይወዱም። ሌላው ሰው ከሚከፍላቸው ይልቅ አንተ የምትሰጣቸው ማስረጃ ዋጋ ያለው እነሱ ጋ ብቻ ነው። ከመቶ ትንንሽ ቤት አምስት እንዲህ ያለ ቤት ይሻልሃል።

ጥቃቅኑን ልጨምር። በሊትር አትክፈል፣ በኪሎ ክፈል፤ ጀሪካኑን እዚያው መዝነው። አንድ ሊትር ዘይት 920 ግራም ገደማ ነው፤ ጀሪካኑ ከሚገባው በላይ ከከበደ ውኃ አለበት። ከተጠራጠርክ ትንሽ በመጥበሻ አሙቅ፤ ከተንጣጣ ውኃ ነው። ባዶ ንጹሕ ጀሪካን ሰጥተህ ሙሉውን ውሰድ እንጂ የእነሱን ጀሪካን አትቀማ፤ ባዶውን ምናለሽ ተራ ሰው ይገዛቸዋል። ወንፊት ያለው ሰፊ ማንቆርቆሪያ በነጻ ስጥ፤ ዘይቱ እስኪበርድ ሳይጠብቁ ሲቀዱበት የቀለጡ ጀሪካኖች አይቻለሁ፣ እሱንም ንገራቸው።

ፈቃድን በተመለከተ እዚህ ስቴቱ ሳይመዘግብህ ዘይት ጭነህ ብትገኝ ትከሰሳለህ። እዚያ ያለውን የአገር ቤት ሰው ይንገርህ።

ብሩክ ዘሳሪስ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ ሚሚም ክበሪልኝ። ይኼን ያህል አልጠበቅሁም።

ትንሽ ልከራከር። ዘይቱን ብቻ ሽጥ ትሉኛላችሁ፤ ማን ይገዛኛል እዚህ? ሮዲዮ የለንም። ስለዚህ ነው በርሜሉን ያሰብኩት። ቪዲዮው ላይ ሰውየው ዘይት፣ ሜታኖልና ኮስቲክ ሶዳ ቀላቅሎ ማታ ተኝቶ ጠዋት ነዳጅ ይቀዳል። ያን ያህል ከባድ አይመስልም። ደግሞ ዘይት ለመሰብሰብ ቆራሌዎቹን ብይዝስ? ሰፈር ለሰፈር የሚዞሩት እነሱ ናቸው፤ ጀሪካን ይገዛሉ፣ ዘይቱንም ይጨምሩበታል።

ቤተ ሙከራ፦

በሙያዬ ኬሚካል መሐንዲስ ነኝ። ብሩክ፣ በርሜሉን ተወው አልልህም፤ ጠርሙሱ ይቅደም፣ በትንሹ ሞክረህ ለካው ነው የምልህ።

ቪዲዮው አልዋሸም። ለአንድ ሊትር አዲስ ዘይት 200 ሚሊ ሊትር ሜታኖልና 3.5 ግራም ገደማ ኮስቲክ ሶዳ ይገባል፤ ሞቅ አድርገህ ስታማስለው ባዮዲዝሉ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ግሊሰሪኑ ከታች ይተኛል። አዲስ ዘይት ያልኩትን ልብ በል። የተጠበሰበት ዘይት አሲድ አፍርቷል፤ አሲዱ ሶዳውን ይበላዋል። ስንት ግራም እንደምትጨምር የምታውቀው በመለካት ነው፦ አንድ ግራም ሶዳ በአንድ ሊትር የተጣራ ውኃ ትበጠብጣለህ፤ አንድ ሚሊ ሊትር ዘይት በ10 ሚሊ ሊትር አይሶፕሮፒል አልኮል ታሟሟለህ፤ ፌኖልፍታሊን የሚባል ቀለም የሚቀይር መለኪያ ጠብ ታደርግበትና ሮዝ ቀለም መጥቶ እስኪቆይ ድረስ የሶዳውን ውኃ ትጨምራለህ። 3 ሚሊ ሊትር ከወሰደ ለሊትር 6.5 ግራም ማለት ነው። እዚህ አገር ዘይት እስኪጠቁር ስለሚጠበስበት ቁጥሩ ከፍ እያለ ይመጣል፤ ከ5 ካለፈ በአንድ ዙር አይሠራም፣ ቀድሞ በሰልፈሪክ አሲድ መታከም አለበት። ዝም ብለህ ሶዳ ከጨመርክ ጠዋት ተነስተህ የምትቀዳው ነዳጅ ሳይሆን በርሜል ሙሉ ልስልስ ሳሙና ነው። ውኃም ያው ያደርጋል።

ሌላው ቪዲዮው የማይነግርህ፣ የምንኖርበት ከፍታ ነው። መመሪያዎቹ ከ55 እስከ 60 ዲግሪ አሙቅ ይላሉ፤ ሜታኖል በባሕር ጠለል የሚፈላው በ64.7 ነውና። አዲስ አበባ ላይ ግን በ58 ገደማ ይፈላል። መመሪያውን እንዳለ የተከተለ ሰው ግቢው ውስጥ የሜታኖል እንፋሎት ይለቃል። እንፋሎቱ ይቃጠላል፤ ነበልባሉ በቀን ብርሃን አይታይም። ጥቂት የተጠጣ ሜታኖል ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል፤ ሽታው ከአረቄ ብዙ ስለማይለይ ደግሞ የግቢ ዘበኛ ጀሪካኑን በስሕተት አንስቶት ቢቀምስ አስብ። 50 ዲግሪ ላይ፣ በተዘጋ ዕቃ፣ ለረጅም ሰዓት ሥራው። የኤሌክትሪክ እንጂ የከሰል እሳት አጠገቡ አይደርስም።

ሜታኖሉ ከውጭ የሚገባ በመሆኑ በውጭ ምንዛሪ ነው የሚመጣው፤ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ይኼ ምን ማለት እንደሆነ አላስረዳህም። ለአምስት ሊትር ዘይት አንድ ሊትር ሜታኖል የሚበላ ነዳጅ ሠርተህ መንግሥት ዋጋ ከሚተምንለት ናፍጣ ጋር ትወዳደራለህ። «በሜታኖሉ ፋንታ ኢታኖል አለን አይደል?» የሚል ሰው ይመጣል። አለን፤ በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን ውስጥ 5 በመቶ መቀላቀል ተጀምሮ ኋላ ወደ 10 በመቶ ያደገው ከፊንጫ፣ ቀጥሎም ከመተሐራ ስኳር ፋብሪካ በሚወጣው ነው። ግን ተራው ኢታኖል ውስጥ 4 እና 5 በመቶ ውኃ አለ፤ ውኃ ደግሞ ሳሙና ነው ብያለሁ።

የሚረጋው ዘይት ሌላ ጣጣ አለው። ፓልም ስለሆነ ከእሱ የሚወጣው ባዮዲዝል ከ13 እስከ 16 ዲግሪ አካባቢ መደፍረስ ይጀምራል። የኅዳርና የታኅሣሥን ሌሊት አስብ። ጠዋት አይሱዙው ፊልትሮ ደፍኖበት የቆመ ሰው ቃሊቲ ድረስ መጥቶ ያንቃል። ከናፍጣ ጋር ከአምስት አንድ እጅ ቀላቅለህ በቀን ለሚሠራ ጄኔሬተር ብትጠቀምበት ይሻላል።

ለሼፍ ሚሚ፦ ሆቴላችሁ የሚጨምረው ፈሳሽ ሳሙና ለዚህ ሥራ ዘይቱን ከነጭራሹ ያጠፋዋል። ትንሽ ናፍጣ ጠብ አድርጉበት። ሽታው ለፓስቲ አይሆንም፣ ለባዮዲዝል ግን ምንም አይለውም። ወደ ሳሙና ሠሪ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ምንም አይጨመርበት፣ ጀሪካኑ ይታሸግ።

መሸጡን በተመለከተ ነዳጅ ለሌላ ሰው መሸጥ ከነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ፈቃድ ውጭ አይሞከርም፤ ቁጥጥሩም ጠብቋል። ዘይት መሰብሰብ የደረቅና ፈሳሽ ቆሻሻ ሥራ ነው፤ ንግድ ፈቃዱን በዚያ በኩል፣ ከክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤትና ከአካባቢ ጥበቃ ጋር ጀምር። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ጃትሮፋና ጉሎ የሚባሉ ፍሬያቸው ዘይት የሚሰጥ ተክሎች ተክለን አገሪቱን በባዮዲዝል እናጥለቀልቃለን ተብሎ ስንት መሬት እንደተያዘ የሚያስታውስ ያስታውሳል። ያኔም ስለ ማሽኑ ብዙ ተወራ፤ ፍሬውን በየቀኑ ማን በምን ዋጋ ያመጣዋል የሚለውን የጠየቀ ጥቂት ነበር።

ሳሙና ጀሞ፦

ገዢ የለም ያልከው እዚህ ጋ ነኝ።

የልብስ ሳሙና እሠራለሁ፣ በትንሹ። ለአንድ ኪሎ ፓልም ዘይት 140 ግራም ገደማ ኮስቲክ ሶዳ ነው የሚገባው፤ ያገለገለ ዘይትም ይሠራል። በአቡጀዲ አጥርቼ፣ በጨው ውኃ አፍልቼ ሽታውን እቀንሳለሁ። የምቀበለው ያልተቀላቀለ፣ ማጠቢያ ውኃ ያልገባበት፣ ዓሣ ያልነካው ነው። እንደ ቤተ ሙከራ አባባል ናፍጣ የተጨመረበት ለእኔ አይሆንም።

እውነቱን ልንገርህ፦ ፓስቲ የሚጠብሱት ከሚከፍሉት በላይ አልከፍልም፣ አልችልም። እነሱ ዘይቱን እንደ ዘይት ነው የሚገዙት፣ እኔ እንደ ጥሬ ዕቃ። ከእኔ የምታገኘው ጥቅም በየሳምንቱ መግዛቴ ነው። ለእነሱ በጣም የጠቆረውን አትሰጣቸውም፣ እኔ ግን እወስደዋለሁ፤ ሳሙናው ቡናማ ይወጣል እንጂ ያነጻል። ዘይቱን ተረክቤ ገንዘቡን «ነገ» አልልህም።

ቆራሌዎቹን አትንካ። ጎበዞች ናቸው፣ ግን አንድ ጀሪካን ላይ የአምስት ቤት ዘይት ያደባልቁብሃል፤ የጋራዥ ዘይት ገብቶበት አግኝቻለሁ። አንድ ጠብታ የሞተር ዘይት የሙሉ ቀን ሥራ ያስደፋል።

ብሩክ ዘሳሪስ፦

እሺ፣ በርሜሉን አወረድኩት። ለጠርሙሱ የሚሆን ፌኖልፍታሊን እፈልጋለሁ፤ ለማወቅ ያህል።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ለጋሼ። ጓደኛዬ «ወደ አውሮፓ ኤክስፖርት ነው እንጂ ምን ሳሙና ትላለህ፣ በዶላር ነው» ይለኛል። እውነት አውሮፓ ይገዛል?

የኦክላንዱ ሹፌር፦

ይገዛል፣ ጓደኛህ አልዋሸም። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ካገለገለ ዘይት የተሠራ ነዳጅን ለትራንስፖርት የታዳሽ ነዳጅ ኮታ ሲቆጥር እጥፍ ይቆጥርለታል፤ ስለዚህ ከእስያ ብዙ ያስገባሉ።

ሒሳቡን ግን ተመልከት። በባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ውስጥ የሚዘረጋ ትልቅ የፕላስቲክ ከረጢት አለ፣ ፍሌክሲታንክ ይሉታል፤ እስከ 24 ሺህ ሊትር ይይዛል። ያን ሞልተህ ነው ጅቡቲ የምታወርደው። በአንዲት ፒክአፕ ያን እስክትሞላ የመጀመሪያው ጀሪካን ይኮመጥጣል። ቀጥሎ ገዢው አይ.ኤስ.ሲ.ሲ. የሚባል የምስክር ወረቀት ይጠይቅሃል፤ ዘይቱ ከየትኛው ምግብ ቤት ስንት ኪሎ እንደወጣ፣ እያንዳንዱ ቤት ፈርሞ፣ ኦዲተር መጥቶ አይቶ። ይኼን የሚጠይቁት አዲስ ፓልም ዘይት አጥቁረው ያገለገለ ነው ብለው የሚልኩ አሉ ተብሎ ስለሚጠረጠር ነው። ናፍጣ ጠብ ያለበት ደግሞ በፍተሻ ይወድቃል። ገበያውም በወረቀት ይወጣል ይወርዳል፦ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ቻይና ያገለገለ ዘይት ለሚልኩ ነጋዴዎቿ ትመልስላቸው የነበረውን ቀረጥ መመለስ ስታቆም ዓለም ላይ ያለው ዋጋ ተናወጠ።

ዛሬ የምታደርገው አንድ ነገር ግን አለ፦ ለእያንዳንዱ ቤት የምትሰጠውን ደረሰኝ ቀሪ በቁጥር አስቀምጥ፤ ቀን፣ ኪሎ፣ የምግብ ቤቱ ስም፣ ፊርማ። ለሳሙናው ወንድማችን እየሸጥክም ቢሆን። አንድ ቀን ከአንተ የሚበልጥ ሰው ኮንቴይነር ልሙላ ብሎ ቢነሳ መጀመሪያ የሚፈልገው ያንን ደብተር የያዘውን ሰው ነው።

ፒክአፗ ላይ ከባትሪው በፊት ጭነቱ ሥር ጠርዝ ያለው የላሜራ ትሪ አስበይድበት። አንድ ጀሪካን አስፋልት ላይ ከተገለበጠ ከኋላህ የሚመጣው ሞተረኛ አንተን የመሰለ ልጅ ነው።

ሼፍ ሚሚ፦

የናፍጣውን ነገር ለአለቃዬ ነገርኩት፤ «ወጥ ቤቴ ውስጥ ናፍጣ?» ብሎ ጮኸ። ስለዚህ ጀሪካኑን አሽገን መስጠቱ ይሻላል፤ ለሳሙና ጀሞ ይሁን።

ብሩክ፣ የእኛን ስቲዋርድ ማናገር ከፈለግህ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ ሆቴሉን እነግርሃለሁ። በምሳ ሰዓት እንዳትመጣ፣ ማንም አያናግርህም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ፍራየሩ ሲጠፋ ና። ዘይት የምንቀይረው ሰኞና ሐሙስ ነው። ሚዛን ይዘህ ና፣ ለልጆቹ ፊት ለፊታቸው መዝነህ ፊት ለፊታቸው ክፈል። ጀሪካኑ ክዳን ያለው ይሁን።